«ገባዎት?» ብዬ መጠየቅ ያቆምኩበት ምክንያት

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ በሽታ ወይም ስለ አንድ መድኃኒት አይደለም። ሐኪም የነገራችሁ ነገር ከምርመራ ክፍሉ በር እስከ ቤታችሁ ድረስ ሲጓዝ መንገድ ላይ ምን እንደሚሆን ነው። ትንሽ ረዘም ይላል። ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለባቸው እናት፣ አባት ወይም አያት ያላችሁ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ከዓመታት በፊት ነው፤ የዐቢይ ፆም ሰሞን። አንዲት ስልሳዎቹን ያለፉ እናት ስኳራቸው በሚዋጥ መድኃኒት አልወርድ ብሎ ኢንሱሊን ጀመርንላቸው። እኔው ነኝ የጀመርኩላቸው። መጠኑን ነገርኳቸው፣ መርፌውን አሳየኋቸው፣ «ጠዋት ከቁርስ በፊት ይወጉታል፤ ማታ ደግሞ ከእራት በፊት» አልኳቸው። «ገባዎት እማማ?» ስላቸው፣ «እሺ ልጄ፣ ገብቶኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ» ብለው መርቀውኝ ወጡ። ውጭ ሰልፉ ረጅም ነበር። «ቀጣይ!» አልኩ።

በሁለተኛው ሳምንት ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ድንገተኛ ክፍል በሰው ሸክም ገቡ። ላብ አጥምቋቸዋል፣ ሰው አይለዩም። ስኳራቸው ሲለካ 31። ጤነኛ ሰው ከ70 በታች ሲወርድ እንኳን እንጠነቀቃለን፤ 31 ማለት አእምሮ ነዳጅ አልቆበታል ማለት ነው። 40 በመቶ ግሉኮስ በደም ሥር ተሰጣቸውና ደቂቃዎች ሳይቆዩ ዓይናቸውን ገለጡ። ትንሽ ቢዘገዩ ኖሮ አሁን የምጽፈው ሌላ ታሪክ ነበር።

ልባቸው ሲመለስ ትንሽ ቆጣ ብዬ «እማማ፣ ምግብ ሳይበሉ ኢንሱሊን ወጉ እንዴ?» አልኳቸው። ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «አንተ ከቁርስ በፊት አላልከኝም? ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ተወጋሁ፤ ቅዳሴ ሄድኩ፤ 9 ሰዓት ላይ ደግሞ እበላለሁ። ከመብላቴ በፊት ነው እኮ የተወጋሁት!»

አያችሁ? ሴትዮዋ ቃሌን አላፈረሱም። ያልኩትን አንድ በአንድ አድርገዋል። የጠዋቱ ኢንሱሊን ከተወጋ ከአራት ሰዓት ገደማ በኋላ ጉልበቱ እየበረታ እንደሚሄድ፣ ያኔ ሆድ ውስጥ ምግብ ከሌለ ስኳርን እስከ ታች እንደሚያወርደው ያልነገርኳቸው እኔ ነኝ። ፆም መሆኑን እያወቅሁ «ይፆማሉ ወይ?» ብዬ ያልጠየቅሁትም እኔ ነኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ገባዎት?» የሚለውን ጥያቄ ተውኩት።

ለምን መሰላችሁ? ለዚህ ጥያቄ በእኛ አገር ያለው መልስ አንድ ብቻ ነው። «እሺ» ነው። ሐኪም ይከበራል፤ ነጭ ጋውን ይፈራል፤ ከኋላ ሰልፍ አለ፤ ድጋሚ መጠየቅ «ደንቆሮ» ያስብላል ተብሎ ይታሰባል። ይሉኝታ አለ። ስለዚህ «እሺ» ማለት «ተረድቻለሁ» ማለት ሳይሆን «አከብርሃለሁ» ወይም «ልሂድልህ» ማለት ሊሆን ይችላል። እኔም ታምሜ ሌላ ሐኪም ፊት ስቀመጥ «እሺ» እላለሁ፤ ውሸት ምን ያደርጋል!

ይሄ የእኛ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የታወቀ የጥናቶች ዳሰሳ፣ ሕመምተኞች ሐኪም ከነገራቸው ነገር ከ40 እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን ወዲያው እንደሚረሱት ያስረዳል። በ2006 እ.ኤ.አ. ደግሞ አሜሪካ ውስጥ 395 ታካሚዎች ላይ የተሠራ ጥናት አለ፤ እኔን በጣም ያስደነገጠኝ እሱ ነው። የመድኃኒት ዕቃ ላይ «ሁለት ፍሬ በቀን ሁለት ጊዜ» ተብሎ የተጻፈውን፣ ማንበብ ከሚቸገሩት ታካሚዎች መካከል 70 በመቶ ያህሉ በትክክል መልሰው ተናገሩ። «እሺ፣ በቀን ስንት ፍሬ እንደሚሆን ቆጥራችሁ አሳዩን» ሲባሉ ግን በትክክል ያሳዩት 35 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። መመሪያውን በቃል መድገምና መሥራት ይለያያሉ።

ታዲያ አሁን ምን አደርጋለሁ? እንዲህ እላለሁ፦ «እኔ በደንብ አስረድቼ እንደሆነ ላረጋግጥ ነው፤ እስቲ ነገ ጠዋት ከእንቅልፍዎ ሲነሱ ምን እንደሚያደርጉ ይንገሩኝ።» ፈተናው የእኔ እንጂ የእሳቸው አይደለም። ሲነግሩኝ ስህተቱ እዚያው ፊቴ ላይ ይወጣል። ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። ድንገተኛ ክፍል የሚፈጀውን ጊዜ እናንተው አስቡት።

ደሜ በዛ ወይስ አነሰ?

ሌላው ችግር የራሳችን ቃላት ናቸው። አንዲት ታካሚዬ አንድ ቀን እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ እንዲህ አለችኝ፦ «ዶክተር፣ ባለፈው ዓመት ደም ብዛት አለብሽ አላችሁኝ። ዛሬ ደግሞ ደም ማነስ አለብሽ ትሉኛላችሁ። ለመሆኑ ደሜ በዛ ወይስ አነሰ? ተነጋግራችሁ አንዱን ንገሩኝ!»

ሳቅ አለኝ፤ ከዚያ አፈርኩ። እውነቷን ነው። «ደም ብዛት» የሚለው ስም ራሱ ያሳስታል። ሰው ደሙ የበዛ ይመስለዋል። ስለዚህ ደም ማነስ እንዳለበት ሲነገረው «እንግዲያውስ ደም ብዛቱ ጠፋ ማለት ነው» ብሎ የግፊቱን መድኃኒት ያቆማል። ወይም በተቃራኒው፣ ነፍሰ ጡር ሆና የታዘዘላትን አይረን «ደም ይጨምርብኛል፣ ግፊቴን ያስነሳዋል» ብላ ቁም ሳጥን ውስጥ ትከተዋለች። ሁለቱንም በዓይኔ አይቻለሁ።

ለእሷ ያስረዳሁበት መንገድ ይኼ ነው፤ እናንተም ለቤተሰብ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ። ደም ብዛት የምንለው የደም ግፊት ነው። ውኃ ሌሊት በኃይል ሲመጣ አሮጌ ቧንቧ የሚፈነዳው ውኃው በዝቶ ሳይሆን ግፊቱ በርትቶ ነው አይደል? የጭንቅላት፣ የልብና የኩላሊት ሥሮችም እንደዚያ ናቸው። ደም ማነስ ደግሞ ድስቱ ውስጥ ያለው ወጥ አነሰ ማለት ሳይሆን ወጡ ቀጠነ እንደማለት ነው፤ ደሙን ቀይ የሚያደርጉት ሴሎች ወይም በውስጣቸው ያለው ኦክስጅን ተሸካሚ ነገር ቀነሰ። ስለዚህ ቀጭን ወጥ በኃይለኛ ግፊት ሊሄድ ይችላል። ሁለቱም በአንድ ሰው ላይ፣ በአንድ ቀን ይገኛሉ። ሁለቱም ለየብቻ ይታከማሉ።

ግፊት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አያምም። «ራሴን ሲያመኝ እውጠዋለሁ» የሚል ሰው ቤታችሁ ካለ ይሄንን ንገሩት። መድኃኒቱ ራስ ምታት ማስታገሻ አይደለም፤ ቧንቧው እንዳይፈነዳ የሚጠብቅ ነው፤ ሐኪም ካልቀየረው በቀር በየቀኑ ይወሰዳል።

«ስኳር»ም እንደዚሁ ነው። «ዶክተር፣ ስኳር በአፌ አይዞርም፤ ሻይ እንኳን ያለ ስኳር ነው» የሚሉኝ አባት «ትናንት ምን ምን በሉ?» ስላቸው ጠዋት ሦስት ዳቦ፣ ምሳ ሁለት እንጀራ፣ ማታ ፓስታ። የሚጣፍጥ ነገር ብቻ ስኳር የሚሆን መስሏቸው ነው። «ኔጌቲቭ» የሚለውን ቃልማ ተዉት! ምርመራው «ኔጌቲቭ» ነው ሲባል «አለቀልኝ» ብሎ ያለቀሰ ወጣት አለ፤ በሽታው የለብህም ማለት መሆኑን የነገረችው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። አሁን «የለብህም» ወይም «አለብህ» ነው የምለው፤ በቃ።

በ8 ሰዓት እና በየ8 ሰዓቱ

አንዲት ፊደል ስንት ጣጣ ታመጣለች! «በየ8 ሰዓቱ ውሰድ» ሲባል «በ8 ሰዓት» ብሎ የሰማ ሰው በቀን ሦስት ጊዜ የሚወሰደውን ፀረ ተሕዋስያን በቀን አንዴ ብቻ፣ ከምሳ በኋላ ይወስደዋል። ከዚያ «መድኃኒቱ አልሠራልኝም» ብሎ ይመጣል።

የመድኃኒት ፖስታ ላይ የሚጻፈው «1×3» ደግሞ ለእኛ ግልጽ ነው፤ ትምህርት ቤት ላልገባች እናት ግን ምንም አይደለም። ሦስቱን ፍሬ አንድ ላይ የዋጠ ሰው አውቃለሁ። «ከምግብ በኋላ በቀን ሦስት ጊዜ» የተባለ ሰው በቀን ሁለቴ ብቻ የሚበላ ከሆነ ሁለቴ ብቻ ነው የሚወስደው፤ ሲፆም ደግሞ አንዴ። ለዚህ ነው ሰዓቱን ከሰውዬው ኑሮ ጋር ማሰር የሚሻለው። «ጠዋት ፊትዎን ሲታጠቡ»፣ «ከሥራ ሲገቡ»፣ «ሊተኙ ሲሉ»። ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች ፖስታው ላይ ፀሐይ የምትወጣበት፣ ፀሐይ አናት ላይ ያለችበትና ጨረቃ እንሥላለን፤ ከሥር የፍሬውን ቁጥር በነጥብ። ሥዕሉም ቢሆን «ይሄ ምንድን ነው?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። ግማሽ ጨረቃዬን «ሙዝ» ያሉኝ አባት አሉ። ሥዕል ላይ ጎበዝ አይደለሁም።

የሰዓትና የቀን አቆጣጠራችን ልዩነትም ቀላል ነገር አይደለም። ውጭ አገር ያለ ልጅ እናቱ ስልክ ላይ «8:00» ብሎ አላርም ሲሞላ በእሷ ሰዓት 2 ሰዓት መሆኑን ካልነገራት፣ ወረቀቱ ላይ 8 የሚለውንና ስልኩ የሚጮኽበትን ማስታረቅ አትችልም። ቀጠሮም እንደዚያው ነው። ሚያዝያ ላይ «ከወር በኋላ ይምጡ» ተብሎ ካርዱ ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር 12/5 ተብሎ ቢጻፍ፣ ሐኪሙ ግንቦት 4 ቀን ማለቱ ነው። ያነበበው ልጅ ግን ጥር 12 ነው ቢል አይፈረድበትም፤ ታካሚዋ ለዘጠኝ ወር ቤቷ ትቀመጣለች። እኔ ለብዙ እናቶች ቀጠሮ የምሰጠው «የግንቦት ማርያም ማግስት»፣ «ከሚካኤል ሦስተኛው ቀን» እያልኩ ነው። ለሙስሊም እናቶች ደግሞ «ከሚቀጥለው ጁምዓ በፊት ያለው ረቡዕ» እላለሁ። አይረሱትም። ካርዱ ላይ የተጻፈውን ግን ይረሱታል፣ ካርዱንም ይጥሉታል።

በነገራችን ላይ አንድ አስፈላጊ ነገር። የመድኃኒት ዕቃ ላይ ያለው የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜ የሚጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። በእኛ 2017 ላይ ሆኖ 2025 የሚለውን ያየ ሰው «ገና ስምንት ዓመት ይቀረዋል» ሊል ይችላል። የእናታችሁን የመድኃኒት ፌስታል ዛሬ ማታ አውጥታችሁ ተመልከቱት።

በአፍ ብቻ የማይነገሩ መድኃኒቶች

አንዳንድ ነገር ካልታየ አይገባም። የአስም ፓፍ ዋነኛው ነው። «መድኃኒቱ አላዳነኝም» ብለው ከሚመጡ የአስም ታካሚዎች ብዙዎቹን «እስቲ ፓፍዎን እንደ ቤትዎ አድርገው ያሳዩኝ» ስላቸው መድኃኒቱ ምላስ ላይ ይቀራል፤ ሳንባ የሚባል ቦታ አይደርስም። አንዱ ሳይበጠብጠው ይጫናል፣ ሌላው ጨርሶ ከተነፈሰ በኋላ ይስባል፣ ሌላው ሁለቱን ፓፍ በአንድ ትንፋሽ። ትክክለኛው እንዲህ ነው፦ ክዳኑን ከፍቶ በደንብ መበጥበጥ፤ አየር ወደ ውጭ ማስወጣት፤ አፍ ላይ ገጥሞ ቀስ ብሎ መሳብ ሲጀምሩ አንዴ መጫን፤ እስከ መጨረሻው መሳብ፤ 10 ሰከንድ ያህል ትንፋሽን መያዝ። ሁለተኛው ፓፍ ከታዘዘ ከግማሽ እስከ አንድ ደቂቃ ቆይቶ ነው። ስቴሮይድ ያለበት ከሆነ በኋላ አፍን በውኃ ተጉመጥምጦ መትፋት።

እጅና ትንፋሽ ለማገናኘት ለሚቸገሩ ሕፃናትና አረጋውያን ስፔሰር የሚባል መካከለኛ ዕቃ አለ። እሱ ባይገኝ የግማሽ ሊትር የውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ቂጡ ላይ ፓፉ ልክ እንዲገባ ተደርጎ ሲበሳ ሊተካው እንደሚችል በ1999 እ.ኤ.አ. ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በሕፃናት ላይ የተሠራ ጥናት አሳይቷል። አሠራሩን ግን ከሐኪማችሁ ወይም ከፋርማሲስታችሁ ጋር አድርጉት።

ሁለተኛው ዓይነት የምናፍርበት ነው። በሴት ብልት በኩል የሚገባ ፍሬ፣ በፊንጢጣ የሚገባ ፍሬ። ባለሙያው አፍሮ «ማታ ማታ አንድ፣ ሲተኙ» ብሎ ያልፈዋል። ታካሚዋ ደግሞ በውኃ ትውጠዋለች። የት እንደሚገባ አልተነገራትማ! እኔ ወጣት ሐኪም ሳለሁ ይሄን ቃል ሳልናገር ለማለፍ ስንት ዙሪያ ጥምጥም ሄጃለሁ። አሁን ግልጽ አድርጌ እናገራለሁ፤ እኔ ካፈርኩ ታካሚዋ እንዴት ትጠይቀኝ?

ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ

ይሄኛው ላይ ቆም ልበል። አዲስ አበባ የብዙ ቋንቋ ከተማ ናት። አማርኛ የማይናገሩ እናቶች ከአሥር ዓመት ልጃቸው ጋር ይመጣሉ፤ ልጁ ያስተረጉማል። አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር መጥተው «ሆዷን ያማታል» አለኝ። ልጁ ጎበዝ ነው፣ አንድም ነገር አላስቀረም። ግን ፊታቸው ላይ ያየሁት ነገር አላስቻለኝምና አፋን ኦሮሞ የምትናገር ነርስ ጠርቼ ልጁን ውጭ ቆየን አልነው። ሴትዮዋ የወር አበባቸው ከቆመ ዓመታት አልፈዋል፤ ሰባት ወር ሙሉ ደም ይፈስሳቸዋል። ይሄንን ለወንድ ልጃቸው እንዴት ይንገሩት? በዚያው ቀን ወደ ማህፀን ሐኪም ላክናቸው። የወር አበባ ከቆመ በኋላ የሚታይ ደም፣ ጠብታም ቢሆን፣ ሁሌም መመርመር አለበት። ይቺን ዓረፍተ ነገር ለእናቶቻችሁ አድርሱልኝ።

አሜሪካ ያላችሁ ወገኖች ደግሞ፣ የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ የሕክምና ተቋማት እንግሊዝኛ በደንብ ለማይችል ሰው የቋንቋ እርዳታ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፤ ለእናንተ በነፃ ነው። «ልጄ ታስተረጉምልኛለች» አትበሉ፤ «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» በሉ። የቃል በቃል ትርጉምም አደገኛ ነው። እናቶቻችን «ልቤን አቃጠለኝ» ሲሉ ጨጓራቸውን ወይም ኀዘናቸውን ማለታቸው ሊሆን ይችላል፤ ቃሉን ብቻ የተረጎመ ሰው የልብ ምርመራ ያሳዝዝላቸዋል። እስራኤል ውስጥ ለቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ የጤና ትምህርት የሚሰጠው ጤነ ብሪዑት የተባለው ድርጅት በ1998 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው እንዲህ ዓይነቱን የቋንቋና የባህል ክፍተት ለመድፈን ነው።

መስማት ለተሳናቸው ሰዎች «ወረቀት ላይ እጽፍለታለሁ» የሚል ባለሙያ ብዙ ነው። የምልክት ቋንቋ ግን ራሱን የቻለ ቋንቋ ነው፤ በምልክት የሚግባባ ሁሉ አማርኛ ጽሑፍ ይቀናዋል ማለት አይደለም። ቢያንስ ማስክን አውልቆ ፊት ለፊት ቀስ ብሎ መናገር፣ አስተርጓሚ ካለ ደግሞ አስተርጓሚውን ሳይሆን ታካሚውን እያዩ ማውራት። ማየት ለተሳናቸው አንዱ መድኃኒት ላይ አንድ ላስቲክ፣ ሌላው ላይ ሁለት ላስቲክ ማሰር ይበቃል። ለዓይነ ስውር የስኳር ታካሚ ሲሪንጅ ላይ መስመር ቁጠር ማለት ቀልድ ነው። ሲዞር «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ያለው የኢንሱሊን ፔን ከተገኘ ይቆጥረዋል፤ ካልተገኘ ሌላ ሰው ቀድቶ የሚያዘጋጅበትን መንገድ አብሮ መፈለግ ነው።

ጠበል የሚሄዱ ታካሚዎቼን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። «ጠበል ተዉ» ስንላቸው የሚተዉት እኛን ነው። አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ በነበሩበት ጊዜ የኤችአይቪ መድኃኒትንና ጠበልን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረው ነበር፤ ያ ንግግር እኛ በብዙ ብሮሹር ያላስኬድነውን ነገር አስኬዶታል ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ እኔ «ይሄዳሉ ወይ?» አልልም፤ «ሲሄዱ መድኃኒቱን በምን ይዘው ይሄዳሉ? ስንት ቀን ይቆያሉ? ምግብስ?» እላለሁ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት፣ የቲቢ መድኃኒት፣ ኢንሱሊን፣ እነዚህ በድንገት ሲቋረጡ ዋጋ ያስከፍላሉ።

እናንተ ምን ልታደርጉ ትችላላችሁ?

ሐኪማችሁ ካልጠየቃችሁ እናንተ ቅደሙ። ከመውጣታችሁ በፊት «ዶክተር፣ የገባኝን ልንገርዎትና ከተሳሳትኩ ያርሙኝ» በሉ። የሚቆጣ ሐኪም ካለ የእሱ ችግር ነው። ወላጅ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ደግሞ እናንተ አትመልሱ! ስንቴ ነው እናትየው ሊናገሩ ሲሉ ልጅየው «አዎ አዎ ታውቃለች» የሚለው። መርፌውን ቤት የሚወጉት እሳቸው ናቸው፤ ስለዚህ እሳቸው ይናገሩ፣ እሳቸው ያሳዩ። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅም እንደዚያው ነው። ሐኪሙን አስፈቅዳችሁ ማብራሪያውን በስልካችሁ ቅዱት፤ እናት ክፍለ አገር ከሆነች በቴሌግራም በድምፅ ይደርሳታል፤ ደጋግማ ትሰማዋለች። ጽሑፍ ከምትልኩላት ድምፃችሁ ይሻላታል። የመድኃኒቶቹን ሁሉ ፎቶ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ።

ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ክኒን የሚወስድ ሰው ቤታችሁ ካለ ደግሞ ሁላችሁም፣ የቤት ሠራተኛዋም ጭምር፣ ይሄን እወቁ። ማላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ መምታት፣ ግራ መጋባት፣ ያለ ምክንያት መቆጣት ሲታይ ስኳር ወርዶ ሊሆን ይችላል። ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ማጠጣት፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለ መድገም፤ ሲሻል ምግብ ማብላት። ራሱን ከሳተ ግን አፉ ውስጥ ምንም አይጨመርም፤ በፍጥነት ወደ ሕክምና። ፆም ወይም ረመዳን ሲመጣም መጠኑን በራሳችሁ አትቀይሩ፤ ረመዳን ከመግባቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቀድማችሁ ሐኪማችሁን አማክሩ። ለዐቢይ ፆምም እንዲሁ ቀደም ማለት ነው።

እማማስ? ድነዋል፤ ዛሬም ታካሚዬ ናቸው። ያኔ ተቀምጠን ስናወራ ፆም ለእሳቸው ሁለት ነገር እንደሆነ ገባኝ፤ የሚበላው ነገርና የሚበላበት ሰዓት። የንስሐ አባታቸውን አነጋገሩና ሥጋና ወተቱን እንደ ወትሮው እየፆሙ ሰዓቱን ተዉት። አሁን በሁዳዴ ጠዋት ከተወጉ በኋላ ሽሯቸውን በእንጀራ ይበላሉ፤ ከዚያ ነው ቅዳሴ የሚሄዱት። ነጠላቸው ጫፍ ላይ ስኳር በላስቲክ ተቋጥራለች።

ባለፈው ወር መጥተው ፌስታላቸውን ጠረጴዛዬ ላይ ገለበጡት። ደመናማውን ኢንሱሊን በመዳፋቸው መካከል ቀስ አድርገው እያንከባለሉ «አይበጠበጥም» አሉኝ። ሲሪንጁን አንስተው እስከ የትኛው መስመር እንደሚስቡ አሳዩኝ። የት እንደሚወጉ፣ ቦታ እንዴት እንደሚቀያይሩ፣ ከዚያ ምን እንደሚበሉ፣ ላብ ላብ ሲላቸው ምን እንደሚያደርጉ ነገሩኝ። አንድም አልሳቱም። ከዚያ ስለ ጉልበታቸው ሕመም፣ ስለ እንቅልፋቸው፣ አዲስ ስለጀመሩት ክኒን ረጅም ወሬ አወሩኝና እኔ ኮምፒውተር ላይ እየጻፍኩ «እሺ እማማ፣ እሺ» ስላቸው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ።

«እሺን ተውና፣ ምን አልኩህ? እስቲ አንተ ደግሞ ንገረኝ።»